ከአዳይቱ የቀረበ አቤቱታ፦ የወገብ መርፌው ከመወጋቱ በፊት የግፊቱ መድኃኒት ይቀዳልን

ለአፋር ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ሰመራ

ጉዳዩ፦ በቀዶ ሕክምና ላይ ያለ በሽተኛ የደም ግፊቱ እንዳይወርድ አስቀድሞ ስለመከላከል



ስማችንና የጣት አሻራችን በተያያዘው ወረቀት ላይ የሰፈረው እኛ የአዳይቱና የአካባቢዋ ነዋሪዎች ይህን አቤቱታ በታላቅ ትህትና እናቀርባለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጥቶናል፤ በአንቀጽ 41 ደግሞ ለሕዝብ ጤና የሚመደበው ሀብት እየጨመረ እንዲሄድ መንግሥትን ግዴታ አስገብቶታል። የመጣነው በዚያ መብት ነው። የሽማግሌዎቹንና የእናቶቹን ቃል በጽሑፍ እንዳሰፍር የተወከልኩት እኔ የዚሁ አካባቢ ልጅ፣ በሙያዬም የሰመመን ባለሙያ ነኝ። ስለ መድኃኒቱና ስለ ግፊቱ የሚነገረውን በሙያዬ እመልስበታለሁ፤ ልመናው ግን የሁላችንም ነው።

አዳይቱ ከአዋሽ ተነስቶ በገዋኔና በሚሌ አልፎ ሎጊያና ሰመራ በሚደርሰው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የጅቡቲ ጭነት ሌሊትና ቀን በደጃችን ያልፋል። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ግን እዚህ አይታከምም፤ በዚያው መንገድ ወደ ሚሌ ወይም ወደ ዱብቲ ይላካል፤ ከባሰበትም ከክልሉ ይወጣል። ሚሌ ላይ ባርባራ ሜይ የእናቶች ሆስፒታል ሲከፈት ስንት ቤት እፎይ እንዳለ እናውቃለን። ዱብቲ ላይ ሌሊቱን ቆመው የሚያድሩትን ባለሙያዎች ውለታም አንዘነጋም። ይህ አቤቱታ ሆስፒታልንም ሆነ ሰውን ለመክሰስ አልተጻፈም። ስለ መንገዱ፣ ስለ አምቡላንሱ፣ ስለ ሐኪም እጥረት የምንለው ብዙ አለን፤ እሱን ለሌላ ቀን አቆይተነዋል። ዛሬ ይዘን የመጣነው አንድ ጉዳይ ነው። ሰው ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ግፊቱ ቢወርድ የሚነሳበት መድኃኒት፣ መሣሪያና ሥርዓት ከእሱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው እንላለን።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንዳሳሰበን ከሥሩ እናስረዳ። ምጥ አልሆን ብሏት በቀዶ ሕክምና ለምትወልድ እናት በአገራችን በብዛት የሚሰጠው ማደንዘዣ በታችኛው የወገብ አጥንቶች መካከል በቀጭን መርፌ የሚገባው ነው። ሕዝቡ የወገብ መርፌ ይለዋል፤ ባለሙያው ስፓይናል። ጥሩ ማደንዘዣ ነው። እናቲቱ ነቅታ የልጇን ልቅሶ ትሰማለች፣ የመተንፈሻ ቱቦ አያስፈልጋትም፣ ቡፒቫኬይን የተባለው ማደንዘዣ ጥቂት ሚሊ ሊትር ይበቃታል። ይሁንና መድኃኒቱ ሕመም የሚያስተላልፉትን ነርቮች ብቻ መርጦ አያደነዝዝም፤ የደም ሥሮችን አጥብበው የሚይዙትንም አብሮ ያደነዝዛቸዋል። የእግርና የሆድ ደም ሥሮች ይላላሉ፣ ደሙ ወደ ታች ይሰበሰባል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል። እናቲቱ በጀርባዋ ከተንጋለለች ደግሞ ከባዱ ማሕፀን ወደ ልብ የሚመለሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ግፊቷ ያሽቆለቁላል። መጀመሪያ “አቅለሸለሸኝ” ትላለች፤ ቀጥላ “ዓይኔ ጨለመብኝ” ትላለች፤ ከዚያ ዝም ትላለች። ሕፃኑ ደም የሚደርሰው በእናቱ ግፊት ነውና የእሷ መውረድ የእሱም አየር ማጣት ነው።

ይህ በጥቂቶች ላይ የሚደርስ መጥፎ ዕድል እንዳይመስል አንድ የአገራችንን ማስረጃ እንጥቀስ። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በወገብ መርፌ በቀዶ ሕክምና ከወለዱት እናቶች መካከል ከ100ው 64ቱ ግፊታቸው እንደወረደ አሳይቷል። ጋንዲ በዋና ከተማ ያለ፣ ሥራው ወሊድ የሆነ ሆስፒታል ነው። ይህ ቁጥር የባለሙያዎቹን ድክመት አያሳይም፤ የማደንዘዣውን ጠባይ ነው የሚያሳየው። ከነዚህ እናቶች አብዛኞቹ በደቂቃዎች ውስጥ በሚሰጣቸው መድኃኒት ይመለሳሉ። ክርክራችንም የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ከ100 ጊዜ 64 ጊዜ የሚሆን ነገር ድንገተኛ አይባልም። ድንገተኛ ላልሆነ ነገር ደግሞ ከሆነ በኋላ መሯሯጥ ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ አይገባም።

ያልተመለሱትስ? በ25 የአፍሪካ አገሮች የተካሄደውና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው የቀዶ ሕክምና ውጤቶች ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞተው አፍሪካዊ ከዓለም አማካይ በእጥፍ እንደሚበልጥ ነግሮናል። የዚያው ጥናት ሁለተኛ ክፍል እናቶችን ለይቶ ሲመለከት በቀዶ ሕክምና ከወለዱ 1,000 እናቶች ከ5 በላይ መሞታቸውን አገኘ፤ ይህም ሀብታም በሆኑት አገሮች ከሚታየው 50 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የሁሉም ሞት መነሻ የግፊት መውረድ ነው አንልም፤ ደም መፍሰስ አለ፣ ዘግይቶ መድረስ አለ። ሆኖም የደቡብ አፍሪካ የእናቶች ሞት ምርመራ ሪፖርቶች በማደንዘዣ ምክንያት የሚደርሰው ሞት በአነስተኛ ሆስፒታሎችና በወገብ መርፌ ዙሪያ እንደሚበዛ ደጋግመው ጽፈዋል። እኛን ከሚቀበሉንም ውስጥ አነስተኛ ሆስፒታል አለ።

ወደ ጠረጴዛው ስለምትወጣው እናትም እንናገር። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአፋር ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 15 ብቻ ነበሩ፤ በቀዶ ሕክምና የተወለደው ከ100 አንድ እንኳ አልሞላም። ይኸው ጥናት ከ100 የአፋር ሴቶች 45 ያህሉ የደም ማነስ እንዳለባቸው አግኝቷል። ከዚያ ወዲህ ነገሮች ተሻሽለዋል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን በእግራቸው የደከሙበትን እናውቃለን። ቢሆንም ከእኛ ወገን ጠረጴዛው ላይ የምትወጣው ሴት ዛሬም ብዙውን ጊዜ ምጥ ከያዛት የቆየች፣ ደሟ ያነሰ፣ ከሁሉም በላይ ውኃ የተጠማች ናት። ሐጋይ በምንለው በግንቦትና በሰኔ ሐሩር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ምጥ ላይ ያለች ሴት በላብ የምታጣውን ፈሳሽ ማንም አይለካላትም። ውኃው የጎደለ ገንዳ ማለት እሷ ናት፤ የደም ሥሮቿ በማደንዘዣው ሲሰፉ የሚሞላቸው አይኖርም።

እዚህ ላይ ብዙ ቤት የተለመደውን አንድ ትእዛዝ ልናነሳ ግድ ነው። ቀጠሮ ያለው በሽተኛ “ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም አትቅመስ” ይባላል። ተራው ከቀትር በኋላ ቢደርስ በአፋር ሙቀት አሥራ አምስት ሰዓት ያለ ውኃ ይቆያል ማለት ነው። የአሜሪካም የአውሮፓም የሰመመን ሐኪሞች ማኅበራት መመሪያ ግን ጤነኛ ሆድ ያለው ሰው ማደንዘዣው ከመሰጠቱ 2 ሰዓት በፊት ድረስ ንጹሕ ውኃ ወይም ወተት የሌለው ሻይ እንዲጠጣ ይፈቅዳል። ወተት እንደ ምግብ ይቆጠራል፤ የላምም ሆነ የግመል ወተት 6 ሰዓት ይጠብቃል። ይህ ልዩነት ለእኛ ሕዝብ በግልጽና በአፋርኛ መነገር አለበት፤ አስታማሚ ለታማሚው መጀመሪያ የሚያቀርበው ወተት ነውና። “ውኃ ጠጪ፣ ወተት ተዪ” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በቀጠሮ ወረቀት ላይ ቢታተም ወጪው ምንድን ነው? በረመዳንም የሚጾም በሽተኛ ለቀጠሮ ሲመጣ ጾም ላይ መሆኑ ይጠየቅ፤ ተራውም በዚያ መሠረት ይስተካከል። ሃይማኖቱ ለታመመና ለነፍሰ ጡር የፈቀደውን ሼኾቻችን በየመስጊዱ ለማስተማር ቃል ገብተዋል፤ ይህን ድርሻ እኛ እንወጣዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ከአፋር ውጭ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ባልደረባዬን ላግዝ ገብቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ያየሁት በብዙ ቤት ያለ ነውና። ምጧ የረዘመባት እናት የወገብ መርፌ ተወጋች። የላይኛው ግፊቷ 110 ነበር፤ ሲለካ 70 ሆነ። ግፊት የሚያነሳው ኤፌድሪን የት አለ ሲባል ፋርማሲ አለ ተባለ። ፋርማሲው ተቆልፏል፤ ቁልፉ ከተረኛው ጋር ነው፤ ተረኛው ለእራት ወጥቷል። እሱ እስኪገኝ ድረስ እግሯን ከፍ አድርገን፣ ጎኗን አዘንብለን፣ የፈሳሹን ላስቲክ በእጃችን እየጨመቅን ቆየን። በመጨረሻ አድሬናሊን በጥድፊያ ተበርዞ ተሰጣት። እናቲቱ ተረፈች። ልጇ ሳያለቅስ ወጥቶ በጭንብል አየር ተሰጠው፤ ካለቀሰ በኋላም ክፍሉ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። በዚያች ሌሊት ማንም አልሰነፈም፤ ማንም ሙያ አልጎደለውም። መድኃኒቱ ግቢው ውስጥ ነበር፤ መዝገቡ ላይም “አለ” ተብሎ ተጽፏል። እናቲቱን የሚያድናት ግን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ብቻ ነው።

ስለ አድሬናሊን አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም “ሌላው ባይኖር እሱ አለ” የሚል መልስ እንዳይሰጠን እንሰጋለን። እውነት ነው፣ አድሬናሊን ብዙውን ጊዜ አይጠፋም። አንዱ አምፑል 1 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ይህ ልቡ ለቆመ ሰው የሚሰጥ መጠን ነው። ግፊቷ ለወረደ እናት የሚበቃት 10 ወይም 5 ማይክሮ ግራም ነው፤ የአምፑሉ አንድ መቶኛ ወይም የዚያ ግማሽ መሆኑ ነው። ስለዚህ አንዱ አምፑል በ100 ሚሊ ሊትር ሳላይን ይበረዛል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ማይክሮ ግራም ይይዛል። በሰከነ ሰዓት ይህ ሒሳብ ቀላል ነው። እናት ዝም ስትል፣ ቀዶ ሐኪሙ “ምን ሆነች?” ሲል፣ ብቻውን ባደረ ባለሙያ እጅ ግን አንድ ዜሮ ልትስት ትችላለች። አንድ ዜሮ ከተሳተ ግፊቱ የጭንቅላት ደም ሥር እስኪበጥስ ድረስ ይወጣል። ፌኒሌፍሪን የተባለው ሌላው ግፊት የሚያነሳ መድኃኒትም እንዲሁ ነው፤ አምፑሉ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ግራም ሲሆን የሚፈለገው በአንድ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ማይክሮ ግራም ነው። ኤፌድሪን በዚህ በኩል ይሻላል፤ 30 ሚሊ ግራሙ በ10 ሚሊ ሊትር ይበረዝና በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ለዓመታት ያስቀመጠው በወሊድ ጊዜ በወገብ መርፌ የሚመጣውን የግፊት መውረድ ለመከላከል ብሎ ነው። የትኛውም ይሁን የትኛው፣ የሚበረዘው ከመርፌው በፊት ነው። ተበርዞ፣ ስሙና መጠኑ በፕላስተር ላይ ተጽፎ፣ ሲሪንጁ ከባለሙያው ቀኝ እጅ አጠገብ ይቀመጥ። በጽኑ የምንለምነው ይህን ነው።

ልመናችን ከሙያው ዕውቀት የተቀዳ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ዓለም አቀፍ የሙያ ስምምነት እናቲቱ ግፊቷ ወርዶ እስኪታይ ሳይጠበቅ መድኃኒቱ በመከላከያነት እንዲጀመር፣ የላይኛው ግፊትም ከመነሻው ከ90 በመቶ እንዳያንስ ይመክራል። ከ80 በመቶ በታች መውረዱ ፈጽሞ ሊፈቀድ የማይገባው ነው። ከ120 በላይ ጥናቶችን ያሰባሰበው፣ ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ማስረጃ ድርጅት ግምገማም አንድ መንገድ ብቻውን ችግሩን ጨርሶ እንደማያስቀር፣ ፈሳሹ፣ መድኃኒቱና እግርን በተለጣጭ ፋሻ መጠቅለሉ እያንዳንዱ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል። ፋሻ የትም ይገኛል። እናቲቱን ወደ ግራ ለማዘንበል ከቀኝ ዳሌዋ ሥር የምትገባው የታጠፈች አንሶላም የትም አለች። የፌኒሌፍሪን መድኃኒት ያለማቋረጥ በሚወርድበት ክፍል ጤነኛ እናትን ማዘንበሉ ያን ያህል ለውጥ እንደማያመጣ የሚያሳይ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ተሠርቷል፤ ያ ግን መድኃኒቱ ላለበት ክፍል ነው። መድኃኒቱ ለሚጠፋበት ክፍል አንሶላይቱ ዋና ነገር ናት።

ግፊት ካልተለካ መውረዱ አይታወቅም። ከመርፌው በኋላ ሕፃኑ እስኪወጣ ድረስ በየደቂቃው ሊለካ ይገባል፤ በየአምስት ደቂቃው ብቻ የሚለካ መሣሪያ የመጀመሪያውን መውረድ ሊያመልጠው ይችላል። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ለቀጭን ክንድም ለወፍራም ክንድም የሚሆን መጠን ይኑረው። ባትሪው የደከመ፣ ቱቦው የሚያፈስ መለኪያ ጨርሶ ከመታጣቱ አይሻልም፤ ሐሰተኛ ቁጥር እየሰጠ ያዘናጋል። ለወሊድ ሳይሆን ለሌላ ቀዶ ሕክምና የመጣ በሽተኛም መዘንጋት የለበትም። በአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ከ33 ሺህ በላይ ቀዶ ሕክምናዎችን መርምሮ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት አማካይ ግፊቱ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ከ55 በታች የወረደ ሰው ኩላሊቱና ልቡ የመጎዳት ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይቷል። በጠረጴዛው ላይ “አለፈ” የተባለ ነገር ከሦስት ቀን በኋላ ሽንት በማጣት ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ በሽተኛው አዳይቱ ተመልሷል፣ ምክንያቱንም የሚያገናኝለት የለም።

የዚህ ሁሉ መነሻ ቁጥር ከየት ይመጣል? “90 በመቶ” የሚባለው ከምን ላይ ነው? የተለመደ ግፊቷ 95 የሆነች ሴት 86 ቢታይባት ብዙ አያስፈራም፤ የተለመደው 150 የነበረች ሴት 105 ስትሆን ግን ወድቃለች፤ መሣሪያው ደግሞ ይህን ልዩነት አያውቅም። መነሻው የሚታወቀው በእርግዝና ክትትል ካርዷ ላይና ከአዳይቱ ስትነሳ በሚለካው ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ዳጉ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም፤ ምን አየህ፣ የት፣ መቼ፣ ከማን ሰማህ ይባባላሉ፤ ያጎደለ ሰው ይወቀሳል። የሪፈር ወረቀትም ከዳጉ ሊያንስ አይገባም። ምጥ የጀመረበት ሰዓት፣ የመጨረሻው ግፊት፣ የፈሰሰው ደም፣ የጠጣችው ውኃ፣ የተሰጣት ፈሳሽ ይጻፍበት። “ለተሻለ ሕክምና ተልካለች” የሚል ወረቀት ለሚቀበላት የሰመመን ባለሙያ ምንም አልነገረውም። በአምቡላንስም በጀርባዋ አትጫን፤ በግራ ጎኗ ትተኛ። የደም ሥሯ ከዚህ ሳትነሳ ይከፈት። ፈሳሹ ግን በልክ ይሁን፤ በእርግዝና ምክንያት ግፊቷ ከፍ ያለ እናት ዝም ብሎ ቢፈስላት ሳንባዋ ይሞላል፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ለአዋላጆቻችን አጭር ሥልጠና እንጠይቃለን።

በመንገዳችን ስለሚገለበጡት መኪናዎችም ጥቂት እንበል። ሾፌርና ረዳት፣ አንዳንዴም ሙሉ ሚኒባስ ሰው ሆዱ ደምቶ ወይም ጭኑ ተሰብሮ ይመጣል። ደሙ እየፈሰሰ ላለ ሰው የወገብ መርፌ አደገኛ ነው፤ ሰውነቱ የቀረችውን ግፊት ይዞ ያለው የደም ሥሮቹን አጥብቦ ነውና መርፌው ያንን ይፈታዋል። እንዲህ ያለው በሽተኛ በኬታሚን ይተኛ፤ የሚደማው ቦታ አስቀድሞ ይታሰር። ደም መፍሰስን የሚገታው ትራኔክሳሚክ አሲድ አደጋው በደረሰ 3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ሞትን እንደሚቀንስ ከ20 ሺህ በላይ ቁስለኞች የተካተቱበት ጥናት አረጋግጧል። ይህ መድኃኒት አምቡላንሱ ላይ ወይም በመጀመሪያው ጤና ጣቢያ ካልተሰጠ ሰዓቱ በመንገድ ያልቃል።

“ባለሙያው ይህን ሁሉ ያውቃል” እንደምትሉን እናውቃለን። አዎ፣ ያውቃል። ዕውቀቱን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ለሦስተኛ በሽተኛ፣ ብቻውን ቆሞ እንዲያስታውስ ማስገደድ ግን ሥርዓት አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው 19 ጥያቄዎች ያሉት የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽ የተጻፈው ለሚያውቁ ሰዎች ነው፤ በስምንት ከተሞች ሲሞከር የሞቱት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርደዋል። አገራችንም በ2016 እ.ኤ.አ. ደኅንነቱ በተጠበቀ ቀዶ ሕክምና ሕይወትን ለማዳን የሚል አገር አቀፍ ዘመቻ ጀምራ ቅጹን የራሷ አድርጋዋለች። ቅጹ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት የሰመመን መሣሪያውና መድኃኒቱ መፈተሹን ይጠይቃል፤ ድርጅቱም እያንዳንዱ ቦታ እንደ ሁኔታው እንዲጨምርበት ይፈቅዳል።

ስለዚህ የክልሉ ጤና ቢሮ በዚያ ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ እንዲጨምርልን እንለምናለን፦ “ግፊት የሚያነሳው መድኃኒት ተበርዞ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ በሲሪንጅ ተቀድቷል?” መልሱ “አዎ” ካልሆነ የወገብ መርፌው አይሰጥ። ይህ በቢሮው ደብዳቤ ተጽፎ በክልሉ ቀዶ ሕክምና በሚሰጥበት እያንዳንዱ ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ባለሙያው መድኃኒት አጥቶ “አልሰጥም” ቢል እንዳይወቀስበት፣ እንዲያውም እንዲመሰገንበት በደብዳቤው ይግባ። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሰመራ ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ ከእሱ ጋር በመነጋገር ኤፌድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን፣ የልብ ምት ሲዘገይ የሚሰጠው አትሮፒን፣ ኬታሚንና ትራኔክሳሚክ አሲድ አለቁ ሳይባል እንዲደርሱ፣ የእያንዳንዱ ሆስፒታል ዝቅተኛ የክምችት መጠንም ተወስኖ ከዚያ በታች ሲወርድ ወዲያው እንዲታዘዝ ይደረግልን። አድሬናሊን ሙቀትና ብርሃን ያበላሹታል፤ በሐጋይ የመድኃኒት ክፍሎቹ ሙቀት ይለካ፣ ይመዝገብ። ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውጭ የሚቆለፍ የድንገተኛ መድኃኒት አይኑር፤ ቁልፍ ካስፈለገም በሥራ ላይ ካለው ባለሙያ ኪስ ይሁን። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ በየደቂቃው የሚለካ የግፊት መለኪያና ኦክስጅን የሚያሳየው የጣት መለኪያ ከትርፍ ባትሪው ጋር ይመደብ፤ የሚጠግናቸውም የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ በየጊዜው ይላክ። በሌሊት ተረኛ የሰመመን ባለሙያ አጠገብ ፈሳሽ የሚሰቅል፣ ቁጥር የሚጽፍ አንድ ረዳት ነርስ ይቁም።

ገንዘቡ አይበቃም የሚል መልስ ቢመጣ በትህትና እንቃወማለን። ከጠየቅነው ውስጥ ብዙው ወረቀት፣ አንሶላ፣ ፋሻ፣ ፕላስተርና ቁልፍ ነው። የቀሩት አምፑሎችም በመድኃኒት ዝርዝር ላይ ያሉ፣ አሮጌና የተለመዱ ናቸው። ወጪ ያለባቸው መለኪያዎቹ ናቸው፤ እነሱንም ቢሆን በአንድ ዓመት በጀት ሁሉንም ካልቻላችሁ ከየትኛው ሆስፒታል እንደምትጀምሩና መቼ እንደምትጨርሱ ጽፋችሁ አሳውቁን፤ እንጠብቃለን። ለመጠበቅ አቅም አለን። ጊዜ የማንሰጠው የቅጹ ጥያቄ ለሚጨመርበት ደብዳቤ ነው። አንድ ጥያቄ ቅጽ ላይ ለመጨመርና ቁልፍን ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ ለማዛወር በጀት አያስፈልግም።

በእኛ በኩል በእርግዝና ክትትል የሚለካው ግፊት በየካርዱ እንዲጻፍ እናቶችን እናስተምራለን፤ ስለ ውኃና ስለ ወተት የተባለውን በየቀበሌው እናዳርሳለን፤ ለደም ባንክ ደም የሚለግሱ ወጣቶችን ስም ዝርዝር አዘጋጅተናል፤ ቢሮው በጠራን ሰዓት እናቀርባቸዋለን። ይህን ስናደርግ የምንጠይቀው ክፍያ የለም።

የዚህ አቤቱታ መልስ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ በአዳይቱ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በኩል እንዲደርሰን፣ መጪው ሐጋይ ከመግባቱ በፊትም ከቢሮው አንድ ባለሙያ መጥቶ የቅጹን ጥያቄ፣ የመድኃኒቱን ክምችትና የመለኪያዎቹን ሁኔታ በየቀዶ ሕክምና ክፍሉ አይቶ ያየውን ለሕዝቡ በስብሰባ እንዲያስረዳን በትህትና እናመለክታለን። መልስ ካልደረሰን ይህንኑ ወረቀት ይዘን ሰመራ ቢሮው ድረስ እንመጣለን፤ እስኪነበብም እንቀመጣለን።

ከአክብሮት ጋር

የአዳይቱና የአካባቢዋ ነዋሪዎች

ግልባጭ፦
ለጤና ሚኒስቴር፣ አዲስ አበባ
ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሰመራ ቅርንጫፍ፣ ሰመራ